ከገመዱ ጫፍ ያለው

እሳቱን ቆስቆስ አድርጉና ጠጋ ጠጋ በሉ። እንጉዳይ፣ በሩን ቀርቅረሽዋል? ጎሽ።

ድሮ ነው። ዶሮ ሳይጮኽ፣ ጅቡ ጉድጓዱ ሳይገባ፣ ይመኑ የሚባል ሰው ያበደ ታናሽ ወንድሙን ይዞ በገደሉ አፋፍ ጠበል ይወርዳል። ጠበል እህል ሳይቀምሱ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነዋ! ወንድምየው አንለይ ነው ስሙ። ግን ማን በስሙ ጠርቶት? "እብዱ" ነው የሚሉት። እንዳያመልጥ ይመኑ የእሱን እጅ ከራሱ እጅ ጋር በገመድ አስሮታል፤ የአስታማሚ ወጉ ነው። ጎረቤትም መክሮታል፤ "የሚናገረው እሱ አይደለም፣ የያዘው ነው። ቢለፈልፍ አትስማው።"

ይመኑ ከፊት፣ አንለይ ከኋላ።

"ጋሼ፣ ከኋላዬ ሰው አለ።"

ይመኑ ገመዱን ሳብ አድርጎ ቀጠለ።

"ጋሼ፣ እጄን ነካኝ!"

ይመኑ አልዞረም። እናንተስ ትሰሙት ነበር? እብድን ማን ይሰማል!

ትንሽ እንደሄዱ ገመዱ ላላ። ይመኑ ክው አለ። በሽታው አክስቶት የአንለይ እጅ ጭራሮ አክሏል፤ ሾልኮ ይሆን? ወዲያው ገመዱ ጠበቅ አለ። ተመስገን ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

"ጋሼ" አለ ከኋላው ያ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ። "ተሽሎኛል። ብዙ አደከምሁህ። በግራ እንውረድ፣ ያቋርጣል።"

ይመኑ በደስታ አለቀሰ። ወንድሙ የሰው ወግ ካወራ ስንት ዘመኑ! ወደ ግራ ታጠፈ።

ከላይ፣ ከመጡበት መንገድ፣ ጩኸት መጣ። "ጋሼ! ገደል ነው! እኔ እዚህ ነኝ!"

እንግዲህ አንለይ እዚያ ላይ ከሆነ፣ ከገመዱ ጫፍ ያለው ማነው? ይመኑ የታሰረውን እጅ ዳበሰ። ቀዝቃዛ ነው። ጣቱን ዳበሰ፣ ዳበሰ፤ ጣቱ አያልቅም!

አምልጦ የነበረ እብድ ምን ያስመልሰዋል? ተመለሰ! እየሮጠ መጥቶ ገመዱን በጥርሱ በጠሰ፤ ወንድሙን ከገደሉ አፍ ጎትቶ አወጣው።

ሲነጋ ጠበልተኛው ጉድ አየ። እብዱ ጤነኛውን እጁን ይዞ ይመራዋል። ይመኑ "ከኋላዬ ሰው አለ፣ ከኋላዬ ሰው አለ" ይላል። ማንም ጆሮ አልሰጠውም። አንለይ ብቻ በየእርምጃው እየዞረ ያይለታል፤ "አይዞህ ጋሼ፣ እኔ አለሁ" ይለዋል።

አያችሁ? ጤና የአንድ ሌሊት ነገር ነው፤ ሰው መሆን ግን ከእብድም አይጠፋም። የታመመ ሰው "ከኋላዬ ሰው አለ" ሲላችሁ ዙሩለት። በሌሊትም ብቻችሁን አትሂዱ።

እንጉዳይ... በሩን ቀርቅሬዋለሁ አላልሽም? ታዲያ ከኋላሽ የቆመው ማነው?