ያልረጠበው ፋሻ

ሰቬሪኖ አንገቱ በገጀራ እስከ ግማሽ ተቆርጦ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተገኘ። ደሙ ደረቱን አልብሶ ወለሉ ላይ ረግቷል። ቁስለኛ እግሩ ግን ነርሷ እንዳዘዘችው በርጩማ ላይ ተሰቅሎ ስለነበር አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

መርማሪ ፊሎሜና በጀልባ ጊማራስ ደሴት ስትደርስ፣ የሰፈሩ ጎረምሶች የሟቹን የወንድም ልጅ ኢሲድሮን ከማንጎ ግንድ ጋር አስረው ጥርሱን አርግፈውታል። መስቀያ ገመድም አዘጋጅተዋል። የተቆጣ ሰፈር መቼ ዳኛ ይጠብቃል!

«ያየ ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ የሟቹ ልጅ ቶሪቢዮ። «ከጠዋት ጀምሮ ከግቢ ንቅንቅ አላልኩም። ነርሷ ጠዋት አንድ ሰዓት አለፍ ሲል ስትወጣ አባባ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ዝንብ አልገባም። አምስት ሰዓት ላይ ይሄ ውሻ ገባ። አባባ ‹ኢሲድሮ፣ ተው!› ሲል ሰማሁ፤ ሮጬ ብደርስ አልቋል።»

«ውሸታም!» አለ ኢሲድሮ ደም እየተፋ። «ከጀልባ የወረድኩት አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ ስገባ ሞቶ ነው ያገኘሁት!»

ፊሎሜና ቤት ገባች። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የእግሩን ፋሻ ስታይ ቆየችና ነርሷን ሊጋያን አስጠራች።

«ይሄን መቼ አሰርሽው?»

«ልማዴ ነው፣ ሰዓቱን ፕላስተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት።»

«ቁስሉ ፈሳሽ ይበዛዋል?»

«ምንጭ ይበሉት! ለዚህ እኮ ነው ፋሻውን ከቁስሉ ዳር ሁለት ጣት አስተርፌ የምቆርጠው። ካነሰ ፈሳሹ አምልጦ ደህናውን ቆዳ ይበላዋል። እንዲያም ሆኖ አራት ሰዓት ሲሆን እስከ ዳሩ ይርሳል። የሌሊቱን ባልዲው ውስጥ ይዩት፣ ይጨመቃል።»

ፊሎሜና ባልዲውን አየች፤ እውነቷን ነው። ወጥ ቤት ገብታም የድስቱን ክዳን አነሳች።

«ሁላችሁም ግቡ፤ እሱንም ፈታችሁ አምጡት» አለች።

ቤቱ ሲሞላ ፋሻውን ፈትታ ገልብጣ አሳየቻቸው። እድፉ አንዲት የፔሶ ሳንቲም ቢያህል ነው።

«ልብ ሲቆም ቁስልም መፍሰሱን ያቆማል። ሰቬሪኖ ሁለት ሰዓትን እንኳ አላየም፤ ያኔ ኢሲድሮ ባሕር ማዶ ነው፤ ጀልበኛውም ነግሮኛል። አምስት ሰዓት ላይ ማን ጮኸ? ሬሳ አይጮህም። ከነርሷ በኋላ ዝንብ አልገባም ያልከው ደግሞ አንተው ነህ፣ ቶሪቢዮ።»

«አባቴን በምን ምክንያት እገድላለሁ?»

ከድስቱ በጭልፋ ያወጣችውን አሳየችው፦ የኋላ ጥፍሩ ለዶሮ ውጊያ ምላጭ ማሰሪያ የተከረከመ የአውራ ዶሮ እግር። ጎረምሶቹ አወቁት፤ ስንት ጊዜ ተወራርደውበታል!

ቶሪቢዮ ጭልፋውን ከእጇ ነጠቀ።

«ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈ አውራዬን አርዶ! በእጄ አጉርሼ ያሳደግኩትን! ‹ና፣ መረቅ ቅመስ› አለኝ እየሳቀ። እየሳቀ!»

ኢሲድሮን የያዙት እጆች አንድ በአንድ ለቀቁት። ዓይኑን ለማየት የደፈረ ግን አልነበረም።

ሊጋያ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች።

«ቁስልህ እንዲሽር ሥጋ ብላ፣ ዶሮም ቢሆን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ትናንት። ዛሬ ድስቱ ተጥዶ ሳይ፣ ሰማኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።»

ሊጋያ እንባዋን ጠርጋ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የኢሲድሮ አፍ አሁንም ይደማ ነበር።