የሐሰት መሐላ

ንጋትን ወደ ቢቸና ከተማ አዳራሽ ያስገባት ዝናብ ነው። መድረኩ ላይ አንድ ወጣት ብቻውን ተንበርክኮ ያለቅሳል።

«ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለች ደንግጣ።

ቀና አለ። «የወዳጄን ርስት በሐሰት ምዬ ነጠቅሁት።»

«በስመ አብ!»

«ቴአትር ነው እኮ» አለና እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ሁለቱም ሳቁ።

ወጣቱ፣ ሽታሁን፣ የፊዚክስ መምህር ነው። መምህራኑ በትርፍ ጊዜያቸው በሚያዘጋጁት የጥንት ዘመን ቴአትር ላይ በሐሰት የሚምለውን ባላባት ይጫወታል። ንጋት ከሞጣ መጥታ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ናት። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባይኖርም ወደ አዳራሹ መምጣቷን አልተወችም። እሱም በልምምድ መሐል ዐይኑ እሷን ይፈልጋል፤ ሲያገኛት ደግሞ ቃሉ ይጠፋበታል።

እንድታገባው ሲጠይቃት፣ «እናቴ ትይህና» አለችው፤ ዐይኗ ግን ቀድሞ እሺ ብሎት ነበር።

ቴአትሩ በተከፈተ ዕለት እናቷ ወይዘሮ ፋንታነሽ ከሞጣ መጡ። ቴአትር አይተው አያውቁም። ሽታሁን መስቀል ጨብጦ፣ ዐይኑን ሳያርገበግብ፣ «መሬቱ የእኔ ነው፤ ብዋሽ ይህ መስቀል ይፍረድብኝ» ሲል ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ንጋት ደጅ ላይ ደረሰችባቸው።

«እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«አባትሽን የገደለውስ ይኸው አይደለም? ያ ጎረቤታችን ልክ እንደዚህ ቆሞ፣ ይህንኑ ፊት ይዞ ማለ። መሬታችን ሄደ፤ አባትሽ ደምለውም በብስጭት ታሞ ተከተለው። በውስጡ ሐሰት የሌለበት ሰው ይህን ፊት ከየት ያመጣዋል? ልጄን አልሰጠውም።»

ንጋት ይህን ሁሉ ለሽታሁን ነገረችው። እጁንም ያዘችው።

«ምን ይሻላል?»

«እውነታቸውን ነው። እኔው ሄጄ ላናግራቸው።»

ቅዳሜ ጧት ተሳፍሮ፣ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ገባ። ወይዘሮ ፋንታነሽ እንግዳ ከደጅ መመለስ አይሆንላቸውምና አስገቡት።

«ያንን ፊት ከየት አመጣኸው?» አሉት ገና ሳይቀመጥ።

«ከአባቴ ነው።»

ሴትዮዋ አፈጠጡበት።

«አባቴ በድንበር ክርክር ለዘመዱ አድልቶ በሐሰት መሰከረ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የበላው አልጥምህ አለው። በመጨረሻ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ከበደለው ሰው እግር ወደቀ፤ ከራሱ ማሳ ቆርሶም ካሰ። እኔም መድረክ ላይ ሳለቅስ የማስበው እሱን ነው። እርስዎ መሐላውን አይተው ወጡ እንጂ መጨረሻውን አላዩም።»

«ልጄን ፈልገህ መጥተህ የአባትህን ነውር ትነግረኛለህ?»

«እሷን ዋሽቼ ባገኛት ምን ይበጀኛል፣ እናቴ?»

ወይዘሮ ፋንታነሽ መሬት መሬቱን አዩ። «ያ ጎረቤታችን ግን ወደ እኛ የላከው ሽማግሌ የለም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም እስከ በር ሸኙት።

ከፋሲካ በኋላ ቴአትሩ ሞጣ ላይ ታየ። ወይዘሮ ፋንታነሽ ከልጃቸው ጋር ከፊት ተቀመጡ። መሐላው ሲደርስ የንጋትን እጅ ጨበጡ፤ ግን አልተነሡም። በመጨረሻ ሽታሁን ከተበዳዩ እግር ሥር ወድቆ ይቅርታ ለመነ። ተበዳዩ፣ ድርሰቱ እንደሚያዘው፣ ሳይመልስለት ፊቱን አዙሮ ወጣ።

«ይቅር ይበልህ!» አለ አንድ ድምፅ ከፊት ወንበር።

ሰው ሁሉ ወደ ድምፁ ተመለከተ። ወይዘሮ ፋንታነሽ ቆመው ነበር፤ እንባቸው ይወርዳል። ሽታሁን ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አያቸው። የቀረውን ቃል ሊያስታውስ አልቻለም፤ መጋረጃው ተዘጋ።

ደጅ ላይ ሲገናኙ ሴትዮዋ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ።

«ያ በሐሰት የማለው ጎረቤታችን ይቅርታ ሳይለኝ ሞተ» አሉት። «ቢመጣ ምን እንደምለው ሳላውቅ ይህን ያህል ዘመን ኖርሁ። ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ንጋት ከእናቷ ትከሻ ኋላ ሆና ሽታሁንን አየችው። እሱም አያት።

«በሉ፣ ምን ትተያያላችሁ?» አሉ ወይዘሮ ፋንታነሽ። «አንተ ሽማግሌ ላክ። አባትህም አብረው ይምጡ።»