የማክሰኞው ረድፍ

«ሦስተኛውን ረድፍ አጥፊና ከታች ያሉትን ወደ ላይ አስጠጊያቸው» አለ አባቷ፣ ወረቀቱን ኪቦርዱ አጠገብ እያስቀመጠ። «ሌላው እንዳለ ይሁን።»

ልጅቷ ወረቀቱን አየችው። የሐዘን ማስታወቂያ ነው። የፈቃድ ቢሮው ከላይ ሰማያዊ ማኅተም መትቶበታል፤ መሃል ላይ ደግሞ «ማክሰኞ ዕለት በግንባር በተደረገ ውጊያ ሕይወቱ ያለፈው» የሚለውን ረድፍ በቀይ እስክሪቢቶ ሰርዞታል። ጠርዙ ላይ «በአዋጁ መሠረት ቀንና ቦታ አይገለጽም» ተብሎ ተጽፏል።

ትምህርት ቤት «ፎንት» ነው የሚሏት። ማንም ፖስተር ቢለጥፍ፣ ምን እንደሚል ሳታነብ የፊደሉን ዓይነት ስለምትናገር ነው። ከክፍል እንደወጣች የአባቷ ማተሚያ ቤት ገብታ ኮምፒዩተሩ ላይ ትቀመጣለች። የመከላከያ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ስለ ወታደር የሚያወራ ነገር ሁሉ ሳይፈቀድ አይታተምም፤ በተፈቀደው ላይም አንዲት ቃል አይጨመርም። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁበት ነበር። የአንድ አሥር አለቃ የሠርግ ጥሪ ማዕረጉ ተሰርዞ ሲመለስ፣ አባቷ «ምስኪን፣ ሊያገባ ሄዶ ከሥራ ተባረረ» ብሎ አስቋት ነበር። ኋላ ግን ማዕዘኑ ላይ ያለው ማተሚያ ቤት በአንድ በራሪ ወረቀት የተነሳ ታሸገ። ባለቤቱ ከታሰረ ወር አልፎታል። ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም።

በሩ ተከፈተና ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ገቡ። ማስታወቂያው የልጃቸው ነው።

«ደረሰልኝ?»

አባቷ ወንበር ሳበላቸው። «ደርሷል እትዬ። አንዲት ረድፍ ብቻ አውጥተዋል።»

«የቷን?»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አንስተው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት።

«ማክሰኞን!» አሉ። «ያወጡት ማክሰኞን ነው።»

«ስሙ አለ፣ ፎቶውም አለ…»

«ሬዲዮው ምን ነበር ያለው? ‹ማክሰኞ ግንባሩ ሰላም ዋለ፣ አንድም ጥይት አልተተኮሰም።› አንተም እዚሁ ቁጭ ብለህ ሰምተሃል። ጓደኛው ደግሞ ‹ማክሰኞ ዕለት እጄ ላይ ነው የሞተው› ብሎ በስልክ ነግሮኛል። ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? ‹ታሞ ነበር እንዴ?› አንዷማ ‹ከድቶ ሲሸሽ ይሆናል› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ከጻፍኩት ያሽጉኛል።»

«አውቃለሁ። አንተን ምን አልኩህ?» ድምፃቸው ወረደ።

አባቷ አንገቱን አሻሸ። «ወረቀት ላምጣ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ማሽኑ ግን ወረቀት ሞልቶታል።

ልጅቷ ረድፉን አጠፋችው። ከዚያ መልሳ ጻፈችው። ዓይኗን «ማክሰኞ» የሚለው ቃል ላይ ተክላ ቆየች። ከመጡ የሚወስዱት እሷን አይደለም፤ አባቷን ነው። እንደገና አጠፋችው። በገነች።

የቀረው ማስጠጋት ነው። ሁልጊዜ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ከተጠጋ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር እንደነበረ ማንም አያውቅም። ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ለካ ቢሮው የሚሠራው ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ የምትጨርስለት እሷ ናት።

«እትዬ፣ ይምጡ እስቲ። እንዲህ ብተወውስ?»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አሉ። ከልጁ ስም በታች አንድ ረድፍ ባዶ ነው፤ ከዚያ ጽሑፉ ይቀጥላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የወጣው ረድፍ ቦታ።»

ሴትዮዋ ሁለት ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ጋደም አድርገው ለኩት። «ጠበበ» አሉ። «የሥራ ጉድለት ይመስላል። ትንሽ አስፊው።»

አሰፋችው።

«አዎ። አሁን ሰው ይጠይቃል። የጠየቀኝን እነግረዋለሁ። አፌን ገና አልሰፉትም።»

አባቷ ባዶ እጁን ተመለሰ። ስክሪኑን አየ።

«አላስጠጋሽውም።»

«አላስጠጋሁትም።»

«ልጄ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም። ቢሮው ሁለት ቅጂ ይወስዳል። ምንድን ነው ይሄ ቢሉኝ ምን ልበል?»

«አንዲት ቃል አልጨመርንም በላቸው። ያልፈቀዱት ነገር የለበትም።»

«እነሱ በዚህ አይመለሱም።»

«ላይመለሱ ይችላሉ።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ መጠጋት አለበት ካልክ አንተ አስጠጋው። እኔ አላደርገውም።»

ከወንበሩ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችለት። አባቷ ተቀመጠና እጁን ማውሱ ላይ አሳረፈ። ልብስ ሰፊዋ የሚያዩት ነገር ያለ ይመስል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። አባቷ አሁንም ባዶውን ረድፍ እያየ ነው።

«ስንት ቅጂ ነበር እትዬ?» አለ በመጨረሻ።

«ሃምሳ።»

ማሽኑ ጉርር ብሎ ተነሳ። ልጅቷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጂዎች ትኩስ እንደሆኑ አነሳቻቸውና ለቢሮው በሚሄደው ፖስታ ውስጥ ከተተቻቸው። አባቷ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ ፖስታ ማድረስ የእሱ ሥራ ነው።

«ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አለችና ፖስታውን በደብተሮቿ መሃል አስገባችው።