ወድቆ የማያውቀው ፕሮግራም

«አትንኪው አልኩሽ! ተይው፣ ይውደቅ!»

«እጄን ልቀቀኝ።»

«አንዴ ብቻ! አንዴ ይውደቅና በዓይናቸው ይዩት!»

«ልቀቀኝ አልኩህ!»

ለቀቃት። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ሮጡ። ጥቁሩ ስክሪን በማሽኑ ውስጥ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ ከነቁጥራቸው፣ ከነሚበሉት ሜሞሪ ደርድሯል። ከሁሉም በላይ የወጣውን፣ ሜሞሪውን ሊጨርስ የተቃረበውን፣ በቁጥሩ ጠርታ ገደለችው። እንደ ልማዷ አንድ ረጅም ትንፋሽ ጠበቀች፤ የሞተው የያዘውን ሁሉ እስኪለቅ። ከዚያ አስነሳችው። ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ ግርጌ በአዲስ ቁጥር፣ ቀሎት፣ ምንም እንዳልሆነ ብቅ አለ።

ከግድግዳው ማዶ ያሉት ትዕዛዝ ተቀባዮች የስልክ ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም።

«ይኸው፣ ማንም አላወቀ» አለ ወጣቱ። «አንቺ እኮ የምትሠሪው ማንም እንዳያውቅ ነው።»

«ከስልኩ ማዶ መድኃኒት የሚያዝዙ ሰዎች አሉ። ልጁ የታመመበት አለ። ወንድሜን ለማስተማር ብለህ እነሱን ልታስለቅስ?»

ፊቱን ወደ ራሱ ኮምፒውተር አዞረ።

መድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅት የታላቅ ወንድሟ ነው። ከየመድኃኒት ቤቱ ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም አርጅቷል፤ የሠራው ሰው ከሄደ ቆይቷል፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያርመው የለም። እየሠራ በዋለ ቁጥር ሜሞሪ እየበላ ያብጣል፤ በጊዜ ካልተገደለ ማሽኑን ይዞ ይወድቃል። መቼ እንደሚያብጥ ደግሞ አይታወቅም። ስለዚህ እሷ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጣ ታያለች። ሠራተኞቹ «ዘበኛዋ» ይሏታል። ወንድሟ በእንግዳ ፊት ትከሻዋን አቅፎ «እሷ ባትኖር ይሄ ቤት አንድ ቀን አያድርም» ይላል። እንዲህ ባለ ቁጥር ደስ ይላታል፤ ደስታው ሳያልቅም ወደዚያች ክፍል ትመለሳለች።

ወጣቱ የመጣው የመጋዘኑን ኮምፒውተሮች ከዋናው ማሽን ጋር ሊያገናኝ ነበር። ሌላ ቦታ ስለጠፋ እሷ ክፍል አስገቡት። መጀመሪያ ሰሞን የሚያወሩት ስለ ገመድ ብቻ ነበር። ቆይቶ፣ ከወንበሯ እንደማትነሳ ሲያይ፣ ምሳ ይዞላት መግባት ጀመረ። እሷ ስትበላ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፤ እሱ ሲበላ ዓይኑ እሷ ላይ።

አንድ ቀን ወንበሯን ቀማት።

«ሂጂ፣ ትንሽ ነፋስ ተቀበይ። እኔ አያለሁ።»

ወጣች። ወንበሩ ሳይሞቅለት ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ፀሐይ አለ እንዴ ውጪ?» አላት።

«እ… አላየሁም።»

ሊስቅ ነበር። ፊቷን ሲያይ ተወው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ገመድ ብቻ ማውራት አልሆነላቸውም።

ሌላ ከተማ ሥራ ሲያገኝ ለእሷም ቦታ ጠየቀላት፤ ተገኘ። «አብረን እንሂድ» አላት። «ይሄን ለማን ጥዬ?» አለችው። እሱም ወንድሟ ዘንድ ገብቶ፣ ፕሮግራሙ መቀየር እንዳለበት ሊያስረዳ ሞከረ።

«ታሟል ነው የምትለኝ?» አለ ወንድምየው።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ወድቆ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ ግን እኮ እሷ…»

«አንተ ልጅ! ያልወደቀውን ምን ብዬ ላንሳው?» አለና በገዛ ቀልዱ እየሳቀ ሸኘው።

የዛሬው ጠብ የመጣው ከዚያ ነው።

በቀሩት ቀናት ወጣቱ ጀርባውን ሰጥቷት ሠራ። ምሳውን ግን አላቋረጠም፤ አስቀምጦላት ይወጣል። አልፎ አልፎ፣ ስትገድልና ስታስነሳ፣ ዞሮ እጆቿን እንደሚያይ ይታወቃት ነበር። በመጨረሻው ቀን ቦርሳውን አንግቶ ፊቷ ቆመ።

«ነገ ከሰዓት በአውቶብሱ ነኝ።»

«መንገዱን ያቅናልህ።»

ሌላ ቃል የሚወጣት ቢመስለው ጠበቀ። ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። በሩ ሲዘጋ ስክሪኑ ለምን እንደደበዘዘባት አወቀች፤ በእጅጌዋ ጠረገችው፣ ዓይኗን።

ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሙ ማበጥ ጀመረ። እጇን ዘረጋች። ገና ሳትነካው ከዝርዝሩ ጠፋ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ያህል አለፈ። በአዲስ ቁጥር ተነሳ።

እጆቿን አየቻቸው። ከዚያ ዝርዝሩን ወደ ታች ወረደች። እታች፣ ምንም ያህል የማይበላ፣ በወጣቱ ስም የሚሠራ አንድ ሚጢጢ ፕሮግራም ነበር። ከፈተችው። ጥቂት መስመሮች ናቸው፦ እይ፤ ካበጠ ግደል፤ ጠብቅ፤ አስነሳ፤ እንደገና እይ። የሚጠብቀው ልክ የእሷን ትንፋሽ ያህል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዞሮ ያየው የነበረው ይሄንን ኖሯል።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥሎ መስመሮቹን እንደገና አነበበች። ይህን መጻፍ እኮ ለእሷ የቡና ሰዓት ሥራ ነው። ስንት ጊዜ አስባው ተወችው! ጽፋው ቢሆን ወንድሟ በምን ምክንያት ትከሻዋን ያቅፍ ነበር? በሩን ከውጭ የዘጋባት እንደሌለ ያኔ ገባት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወጣቱ ወደ ማሽኑ የሚገባበት ስም ሲዘጋ ሚጢጢው ፕሮግራም አብሮ እንዳይሞት በማሽኑ በራሱ ስም አዛወረችው። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳም አደረገች። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። አበጠ፤ ሞተ፤ ተነሳ። እንደገና አበጠ፤ ሞተ፤ ተነሳ። የጠራት የለም።

ቦርሳዋን ይዛ ወንድሟ ቢሮ ገባች። ስልክ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ልሄድ ነው። ማሽኑ ከእንግዲህ ራሱን ይጠብቃል።»

የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፈነ። «ጎበዝ፣ እቴ!» አላትና ወደ ወሬው ተመለሰ። ትንሽ ጠበቀችው። በእጁ በሩን ገርበብ እንድታደርገው አመለከታት።

ገርበብ አደረገችው።

በትዕዛዝ ተቀባዮቹ መካከል አለፈች። አንዷ፣ ዓይኗን ከጻፈችው ሳታነሳ፣ ማለፊያ እንድታገኝ ወንበሯን ወደ ፊት ሳብ አደረገችላት። «አዎ፣ ትዕዛዝዎ ደርሶናል» ትላለች በስልኩ።

ውጪ ፀሐይ ነበር። ዓይኗን አጥብባ ቆማ አየችውና ወደ አውቶብሱ መንገድ ወረደች።