አምለሰት ያልጻፈችው እምቢታ

ኢንስፔክተር ዓባይነሽ በአሥራ ስምንት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ የተሰረቀ በሬ ፈልጋ አግኝታለች፤ የተሰረቀ ባጃጅም ከመራዊ አስመልሳለች። ትምህርቴን ሰረቁኝ ብሎ የመጣባት ሰው ግን አልነበረም።

ልጅቱ የመጣችው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ቦቲ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀይ ጭቃ ነው። አላለቀሰችም። ወንበር ሲሰጧትም አልተቀመጠችም።

"አምለሰት ወልደ ሥላሴ እባላለሁ። የአፈር ባለሙያ ነኝ። ትናንት አንድ ሰው በስሜ ደብዳቤ ጽፎ ትምህርቴን ሰርቆኛል።"

"ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ ተቋም ለምዕራብ ጎጃም የአፈር ባለሙያዎች፣ ሆላንድ ሄደው ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩበት ዕድል ሰጠ። ወጪው ሁሉ የተሸፈነ። ቦታው ግን አንድ ብቻ። አርባ ሰባት ሰው ተወዳደረ። አምለሰት አንደኛ ወጣች። ሁለተኛ የወጣው የሥራ ባልደረባዋ ክንዱ ተጠባባቂ ሆነ። ሁለቱም ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የአፈር ምርመራ ጣቢያ ይሠራሉ።

ዛሬ ጠዋት ክንዱ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። "ለምን ተውሽው?" አላት። "አምለሰት በፈቃዷ ስለተወችው ቦታው ላንተ ደርሷል" የሚል መልእክት ገብቶለታል። እሷ ኢሜይሏን ስትከፍት፣ ከላከቻቸው መልእክቶች መካከል ያልጻፈችውን አገኘች። "በቤተሰብ ችግር ምክንያት ትምህርቱን መቀበል አልችልም" ይላል። የተላከው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሩብ።

"ለተቋሙ ደውያለሁ" አለች አምለሰት። "ደብዳቤው የአንቺ ካልሆነ እስከ ዓርብ ማታ የፖሊስ ማረጋገጫ ላኪ አሉኝ። ካልሆነ ቦታው የክንዱ ነው።"

ሁለት ቀን ተኩል። ዓባይነሽ ብዕሯን አነሳች።

"ኢሜይልሽን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍተሽው ታውቂያለሽ?"

"አንዴ። ማተሚያ ያለው የኃላፊያችን ኮምፒዩተር ብቻ ነው። የተቀበሉኝበትን ደብዳቤ ያተምሁት በእሱ ነው።"

"ስትጨርሺ ኢሜይልሽን ዘጋሽው?"

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበር አደረገች። "ደስ ብሎኝ ረሳሁት" አለች በቀስታ።

"የዚያ ክፍል ቁልፍ እነማን ጋ አለ?"

"ሦስታችን ጋ። ኃላፊያችን ጋሽ እጅጉ፣ ክንዱና እኔ።"

"ማክሰኞስ የት የት ነበራችሁ?"

"እኔ ከገበሬዎች ጋር ማሳ ላይ፣ የኮመጠጠው አፈር እንዲሻለው ኖራ ስንበትን ዋልን። ጋሽ እጅጉ እዚህ ፍኖተ ሰላም ለስብሰባ መጥተው ነበር። ጣቢያው ውስጥ ተረኛው ክንዱ ነበር።"

ዓባይነሽ ብዕሯን አስቀመጠች። ቁልፉ ያለው፣ ብቻውን የዋለው፣ በነገሩም የሚጠቀመው አንድ ሰው ነው። እንዲህ ቶሎ የተፈታ ነገር ግን ደስ አይላትም።

ክንዱ ሐሙስ በማለዳ ቀረበ። ሠላሳ ያልሞላው ረጅም ልጅ ነው። እጁን የሚያደርግበት አጣ።

"ማክሰኞ የት ዋልህ?"

"ጣቢያ።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"ቀኑን ሙሉ።"

"ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ እዚያ ነበርህ?"

"ነበርሁ።"

"ሌላ ሰው ገባ?"

"ማንም አልገባም።"

"እንግዲያስ ደብዳቤውን የጻፍኸው አንተ ነህ።"

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። "እንዴት ተደርጎ!"

"ኮምፒዩተሩ እዚያ፣ አንተ እዚያ፣ ሌላ ሰው የለም። ራስህ ነህ የነገርኸኝ።"

ልጁ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀው። "አልነበርሁም። ተረኛ ሆኜ ጥዬ ሄጃለሁ፤ ከሥራ ያስባርረኛል ብዬ ነው የዋሸሁት። ቡሬ ነበርሁ። ኢሳ ማተሚያ ቤት።"

"ምን ልታደርግ?"

"ባነር ላሳትም።" አንገቱን ደፋ። "ለእሷ ነው፤ ለመሸኛዋ። ሳታውቅ ገበሬዎቹን አስተባብረን ነበር።"

ዓባይነሽ አላመነችም፤ አመነችም። መኪና አስነስታ ቡሬ ወረደች። ኢሳ ቀለም የነካው እጁን እየጠራረገ ጥቅልሉን ከመደርደሪያ አወረደና ዘረጋላት። ስንዴ ማሳ መካከል የቆመች የአምለሰት ፎቶ፣ ከሥሩ "ልጃችን፣ ኩራታችን" የሚል።

"ማክሰኞ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት እዚህች በርጩማ ላይ ነበር" አለ ኢሳ። "መብራት ሄዶብን እኮ ነው። ኋላ መጥተህ ውሰድ ብለውም፣ ፊደል ትሳሳትብኛለህ ብሎ አልንቀሳቀስ አለኝ።"

ክንዱ ነጻ ወጣ። ዓባይነሽ ግን ባዶ እጇን ቀረች።

መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ያንን ደብዳቤ እንደገና አነበበችው። አምለሰት ቀደም ሲል ለተቋሙ የላከቻቸውን መልእክቶችም አጠገቡ አስቀመጠች። የልጅቱ አጫጭር ናቸው፤ ሰላም ብላ ትጀምራለች፣ አመሰግናለሁ ብላ ትጨርሳለች። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። በቀኝ በኩል ቀን አለው። ከሥሩ "ጉዳዩ" የሚል መስመር። ከዚያ "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ብሎ ይቀጥላል። መጨረሻው "ከሰላምታ ጋር" ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ አጥንቱ የቢሮ አማርኛ። የጻፈው ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ነው።

ከአምለሰት ማመልከቻ ጋር የተያያዘ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። አወጣችው። ቀኑ በቀኝ። ጉዳዩ። ከላይ በርዕሱ። ከሰላምታ ጋር። የፈረመው አቶ እጅጉ ነው።

አቶ እጅጉ ከሰዓት በኋላ ከረባት አስረው መጡ። ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው።

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ማክሰኞ የት ነበሩ፣ አቶ እጅጉ?"

"እዚሁ ከተማ። የዞን ስብሰባ ነበረብን፣ ትልቁ አዳራሽ።"

"ስንት ሰዓት አለቀ?"

"ወደ አሥር ሰዓት ግድም።"

"ማን ነበር ሰብሳቢው?"

"ያው... የዞኑ ሰዎች ናቸዋ።"

ዓባይነሽ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ማክሰኞ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የፖሊስ ሥልጠና ነበር። አሠልጣኟ እኔ ነበርሁ። የእናንተ ስብሰባ ለሚመጣው ሳምንት ተላልፏል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ያስለጠፍሁትም እኔው ነኝ።"

ሰውየው ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው። "ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው። በአንደኛው አሞገሷት፤ በሌላኛው አስቀሯት። ለምን?"

አቶ እጅጉ ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

"ስብሰባው መቅረቱን ሳይ በጠዋት ተመለስሁ" አሉ። "ጣቢያው ባዶ ነበር። ኮምፒዩተሩን ስከፍት ኢሜይሏ ፊቴ ተደቀነ። አላሰብሁበትም ነበር፣ ኢንስፔክተር። እጄ ቀደመኝ።"

"እጅ ብቻውን አይጽፍም።"

"አይጽፍም።" ግንባራቸውን አበሱ። "ከጣቢያችን አራት ልጆች ለትምህርት ልኬአለሁ። አራቱም የሄዱት በእኔ ፊርማ ነው። አንዳቸውም አልተመለሱም። ይች ልጅ ስትመጣ መሬታችን ኮምጥጦ ስንዴ አላበቅል ብሎ፣ ገበሬው ተስፋ ቆርጦ ባሕር ዛፍ እየተከለበት ነበር። በእግሯ ከቀበሌ ቀበሌ ዞራ፣ ኖራ መበተን ያስለመደችው እሷ ናት። ዘንድሮ ያንን ማሳ ብታዩት! እሷም ከሄደች ማን ይቀርልኛል?"

"ክንዱስ የጣቢያው ልጅ አይደለም?"

"የሄደ እንደሆነ የማይጎድለኝ እሱ ነው ብዬ ነው።" ይህን ሲሉ አፈሩ።

ዓባይነሽ በሩን ከፈተች። አምለሰት ከአባቷ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ የቅኔ መምህር ናቸው። ሁለቱንም አስገባቻቸውና ነገሩን ባጭሩ ነገረቻቸው።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። "አቶ እጅጉ፣ እኔ ቅኔ ልማር ስወጣ ለእናቴ አንድ ልጇ ነበርሁ። ዘጠኝ ዓመት ከደብር ደብር ዞርሁ። እናቴ አልቅሳ ስንቄን ቋጠረች እንጂ በሩን አልዘጋችብኝም። ዘግታብኝ ቢሆን፣ ዛሬ አንቱም መሪጌታ ብላችሁ አትጠሩኝም ነበር።"

አምለሰት ወደ አቶ እጅጉ ዞረች። "ጋሼ፣ ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎት ነበር።"

"ምኑን ልጄ?"

"የምርምሬ ርዕስ የእኛው አፈር ነው። በሁለተኛው ዓመት አምስት ወር እዚሁ ማሳ ላይ ነኝ። በእርስዎ ኮምፒዩተር ባተምሁት ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። "የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው ያነበብሁት" አሉ። ከዚያ ወዲያ ትከሻቸው ወደቀ፤ መሐረባቸውንም አወጡ።

ዓባይነሽ ወረቀት አቀረበችላቸው። ያደረጉትን በራሳቸው እጅ ጻፉ። ቀኑን በቀኝ አደረጉ፤ "ጉዳዩ" አሉ፤ "በአምለሰት ስም ሐሰተኛ ደብዳቤ መጻፌን ስለማመን ይሆናል" ብለው ቀጠሉ። ከሥሩ ፈረሙ።

የእምነት ቃላቸውና የፖሊስ ማረጋገጫው በዚያው ምሽት ተላኩ። ክንዱም ሳይጠየቅ የራሱን ጨመረ፤ "ቦታው የአምለሰት ነው፤ እኔ በሚመጣው ዓመት ራሴ ተወዳድሬ አሸንፋለሁ" ብሎ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መልሱ መጣ። ቦታው ተመልሷል።

ቅዳሜ አስታራቂ ሽማግሌዎች የዓባይነሽን ቢሮ ሞልተው ጠበቋት። "ልጅቱ ይቅር ብላለች፤ መዝገቡን ዝጊልን" አሉ።

"ይቅርታው የእሷ ነው፤ ታላቅ ይቅርታ ነው" አለቻቸው። "መዝገቡ ግን ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ነገ ሌላ ልጅ አለች።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ "እውነት ብላለች" አለና ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ነሐሴ ሲያልቅ አምለሰት ከቡሬ አውቶቡስ ተሳፈረች። ዓባይነሽ ሥራ አለኝ ብላ ነው የመጣችው፤ ምንም ሥራ አልነበራትም። መናኸሪያው በሸኚ ተጨናንቋል። ሽንዲ ካለችበት ከወንበርማ ወረዳ በሌሊት ተነሥተው የመጡ ገበሬዎች ልጅቱን እየተቀባበሉ ይስማሉ።

ረዳቱ ሻንጣውን ጣራ ላይ እያሰረ መሪጌታን ከላይ ጠየቃቸው። "አባቴ፣ ልጅዎ ወዴት ናት?"

መሪጌታ ዘንጋቸውን ተከሉ። "ሰው ሁሉ አፈር ሊገባ ይሄዳል" አሉ ጮክ ብለው። "የእኔ ልጅ ግን አፈር ልታድን ትሄዳለች!"

ሕዝቡ በእልልታ ተናወጠ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አምለሰት በመስኮት አንገቷን አወጣች። ኢንስፔክተር ዓባይነሽ ለሲቪል ሰው እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ ኮፍያዋን አስተካከለች፣ ተረከዟን ገጠመች፣ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠች። አውቶቡሱ ጥግ ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ እጇን አላወረደችም።