ከስልሳኛው ቃል በታች

የእንግሊዝኛ መምህሩ ኡስታዝ ሁሴን የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከፊቱ ሃያ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ታርሞ ተደርድሯል። ከኋላ ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ የተመታበት የበር ማስደገፊያ ብረት እግሩ ሥር ወድቋል። ጊዜው 2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ነው። የምሕረቱ ቀን አልፎ፣ ጅዳ ውስጥ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሐበሻ ከየቤቱ እየተለቀመ ነበር። በዚያ ሳምንት ፖሊስ መጥራት ቤቱን በሙሉ ማስረከብ ስለሆነ ሰኪናን ጠሩ።

ሰኪና ኮምቦልቻ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት ወንጀል የመረመረች ሃምሳ አለቃ ናት። አሁን በግዳዲያ በሚባል ሰፈር የሰው ቤት ታጸዳለች፤ ካስመጣት አሠሪዋ፣ ከከፊሏ ቤት ከጠፋች ሦስት ዓመቷ ነው። በኒ ማሊክ በሚባለው ሰፈር በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት በተከፈተው በዚህ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪ ናት። ከታረሙት ወረቀቶች አንዱ የእሷ ነው። «በዚህ ዕድሜ እንግሊዝኛ ምን ያደርግላታል?» የሚል ሞልቷል፤ እንዲህ የሚሉት ግን ደብዳቤያቸውን በሰው የሚያስነብቡት ናቸው።

ሦስት ወንዶች ቆመው ጠበቋት። ርእሰ መምህሩ ሙዘሚል ከመካከላቸው ኢቃማ ያለው ብቸኛ ሰው ነው። ካሳዬ የሒሳብ መምህር ነው፤ ወረቀት ሲበዛ ሁሴንን እንግሊዝኛ በማረም ያግዘዋል። ሁንዴ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ባጣ ቀን የትምህርት ቤቱን በር ይጠብቃል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሙዘሚል። «ከቀትሩ ዙሁር እስከ ከሰዓቱ ዐስር ሶላት እዚህ የነበረው ሁንዴ ብቻ ነው። ለፖሊስ፣ ለሹርጣ እንስጠውና ኸላስ፣ ያበቃል፤ ሌላው ይትረፍ።»

ሁንዴ ሳያውቀው እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። በዚህ አገር ነፍስ ያጠፋ በሰይፍ እንደሚቀጣ ያውቃል።

«እትዬ ሰኪና፣ ወላሂ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ሲያርም ማንም እንዳይገባበት ብሏል።»

«ተረጋጋ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪሆን ፖሊስ ለመጥራት ስልክ የሚያነሳ የለም» አለች። «መምህር ካሳዬ፣ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«አምስት ሰዓት ላይ። ሰዋስውና ምንባቡን ጨርሷል። ተማሪዎቹ ምንባቡን ያሳጠሩበትን ማጠቃለያ ግን ገና አልነካሁትም፣ እስከ ዐስር ሶላት ይፈጀኛል አለኝ። ከዚያ ቆንስላ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተማሪያችን አልማዝም አብራኝ ነበረች፤ ስመለስ ነው ሞቶ ያገኘሁት።»

«አንተስ፣ ኡስታዝ ሙዘሚል?»

«ስድስት ሰዓት ላይ በሩን ለሁንዴ ለቅቄ ለሶላት ሄድኩ። ሁሴን ማጠቃለያውን እያረመ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎረቤታችን ሙክታር ሱቅ ዋልኩ፤ ጠይቂው።»

«ከአምስት እስከ ስድስት ማን ነበር?»

«እኔና እሱ ብቻ።»

ሁንዴን የጠየቀችው ትምህርቱን ብቻ ነበር። አራተኛ ክፍል ላይ ማቆሙን፣ እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማይችል ነገራት።

ሃያው ማጠቃለያ ሁሉ ታርሟል። የብዙ ሰዓት ሥራ ነውና ሁሴን ከሰዓት በኋላ በሕይወት ነበር ማለት ነው፤ ጣቱ ሁሉ ወደ ሁንዴ ይጠቁማል። ሰኪና ወረቀቶቹን መስኮቱ አጠገብ ወስዳ አንድ በአንድ አየቻቸው። የራሷ ላይ ስትደርስ ቆየች።

«ስንት አገኘሽ?» አለ ሙዘሚል።

«ሙሉውን።»

«ማብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ።»

«አይገባኝም» አለች፤ የስም መዝገቡንም አስመጥታ ገለጠች።

መግሪብ ሳይደርስ በአቅራቢያው ያሉት ተማሪዎች ተሰበሰቡ። ሰኪና ወረቀቶቹን ይዛ መሐል ቆመች።

«ኡስታዝ ሁሴን ማጠቃለያ እንዴት ነበር የሚያርመው?»

የመለሰችው የቤት ሠራተኛዋ ነጅማ ናት። «ፈተናው ከስልሳ ቃል አይለፍ ስለሚል ቃል ይቆጥራል። ስልሳኛው ላይ በቀይ ያሰምርና ከዚያ በታች አያነብም። ስንቴ አልቅሼበታለሁ።»

«እዚህ አንድም መስመር የለም። እኔ ዘጠና ቃል ጽፌያለሁ፤ ማሳጠር አይሆንልኝም። ሁለቱ የመጨረሻ ሐሳቦቼ ከስልሳኛው በታች ናቸው፤ ሁለቱም ራይት ተደርጎባቸዋል። ሁሴን ይህን አላረመም። ማጠቃለያውን ሳይጀምር ገድሎት፣ ከሰዓት በኋላም የሠራ እንዲመስል ያረመለት ሌላ ሰው ነው። ቃል ሳይቆጥሩ ራይት ብቻ ማድረግ ደግሞ አንድ ሰዓት አይሞላም።»

«ሁንዴ ዝም ብሎ ሞነጫጭሮት ቢሆንስ?» አለ ሙዘሚል።

«ራይቶቹ ሁሉ ትክክለኛው ሐሳብ ላይ ነው ያረፉት። ያረመው ሰው እንግሊዝኛ ያነባል፤ ሁንዴ አያነብም። ካሳዬ ያነባል፤ ግን አብሮ ስላረመ መስመሩን አይረሳም፣ ደግሞም ቆንስላ ነበር። እንግሊዝኛ እያነበበ የሁሴንን አስተራረም የማያውቅ፣ በዚያች አንድ ሰዓት ብቻውን አብሮት የነበረ አንተ ነህ። ማጠቃለያውን እያረመ ተውኩት ያልከውም አንተ ነህ።»

«ለምን ብሎ?» አለ ካሳዬ።

ሰኪና መዝገቡን ዘረጋችው። «በዚህ ሳምንት ሦስት ተማሪዎች ከቤታቸው ተያዙ። መዝገቡ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ናቸው፤ በተራቸው። አድራሻቸው ያለው እዚህ ብቻ ነው፣ መዝገቡን የሚይዘውም ኡስታዝ ሙዘሚል ነው። ሁሴን ደርሶበት የተያዙበትን ቀን ከስማቸው ጎን በእርሳስ ጽፎታል። ዛሬ ለምን ታስይዛቸዋለህ ብሎ ሙዘሚልን ጠይቆት መሆን አለበት።»

ሙዘሚል አልካደም። «ሰው ካልጠቆምኩ ኢቃማዬን ሊሰርዙብኝ ነበር፤ ልጆች አሉኝ» አለ። ቀጥሎ ቀና ብሎ አያት። «በይ ጥሪያቸው። መጀመሪያ የሚጭኑት አንቺን ነው።»

«አውቃለሁ።»

ብትተወው ነገ አራተኛው ቤት ይሰበራል፣ የሁንዴም አንገት ነጻ አይወጣም። ሰኪና ፈርታ ነበር፤ ቢሆንም ደወለች። ካሳዬና ሁንዴ ሙዘሚልን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ተማሪዎቹን ሂዱ አለቻቸው፤ ብዙዎቹ ሄዱ። ነጅማ ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ያላሽ ኢቃማ የለ፤ ተነሽ» አለቻት ሰኪና።

«ስለ መስመሩ ማን ይመሰክራል?»

ሹርጣው ደፉን ሳይረግጥ «ኢቃማ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሰኪና ሦስት ዓመት ሙሉ ስሟን ለማንም አሟልታ ተናግራ አታውቅም።

«የለኝም» አለችው በዐረብኛ። «ሟቹ ሁሴን ይባላል፤ የገደለው ያ ነው። እኔ ሰኪና ዐሊ እንድሪስ ነኝ። ጻፍ።»