የጋሽ ደምሴ ሰዓት በማን ክንድ ላይ ዋለ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከመጀመሪያው እንግባባበት። ሀዋሳ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍቶ የሰማውን ሁሉ የሚያምን ሰው ወር ሳይሞላው ያብዳል፣ ምክንያቱም ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገባች ሴት የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት እየጮኸች የማታወራው ነገር የለም፣ የጎረቤቷን ጂን፣ የአማቷን መተት፣ ሐይቁ ዳር በቀትር የታየችውን ነጭ ለባሽ፣ ሁሉንም። እኔ ደግሞ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ፣ ሹሩባዬን እየሠራሁ "እሺ፣ እሺ" እላለሁ፣ በልቤ እስቃለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን እትዬ ዘውዴ መጡ። እትዬ ዘውዴ ከፀጉር ቤቴ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ደምሴ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፣ ቁጭ ብለው ያያቸው ሰው የለም ይባላል፣ ያረፉ ዕለት እትዬ ዘውዴ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው በራሳቸው እጅ አሰሩት። አውቶማቲክ ሰዓት ነው፣ ባትሪ የለውም፣ የሚሞላው ክንድ ሲወዛወዝ ነው፣ ውስጡ የምትዞር ብረት አለች፣ እጃችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ሽርር ትላለች። አውልቃችሁ ካስቀመጣችሁት ግን ከአንድ ቀን ተኩል በላይ አይሄድም።

"የዓይን ሞራ ሊያነሱልኝ ነው" አሉኝ። "ሐኪሙ ጋደም ብለሽ ሰንብቺ ብሎኛል። ያንቺ እጅ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም፣ እስክድን አንቺ እሰሪልኝ።"

"ቢቆምስ ምን ችግር አለው እትዬ? ነቅነቅ ሲያደርጉት ይነሳል እኮ።"

"እርሾ አታውቂም? የድሮው ካለቀ አዲስ ይበጃል፣ ያ የድሮው ግን አይደለም። ይህን ያስነሳው የእሱ ክንድ ነው፣ እኔ እላዩ ላይ እየጨመርኩበት ነው የኖርኩት። ከቆመ የእሱ ነገር አለቀ።"

ይህን ሲሉኝ ተቀብዬ አሰርኩት። ደንበኞቼ የወንድ ሰዓት እጄ ላይ ሲያዩ "ባል አገባሽ እንዴ?" እያሉ አሾፉብኝ፣ እኔም "አዎ፣ ሰርግ ሳልጠራችሁ" እያልኩ ሰነበትኩ።

አርብ ቀን የአንዷን ደንበኛዬን ፀጉር ላጥብ ሰዓቱን ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ወዲያው ስልኬ ጮኸ፣ ቡሹሎ ያለችው እህቴ ምጥ ይዟታል። ሻምፖ ራሷ ላይ ያለባትን ሴትዮ ባንድ ባልዲ ውሃ አለቃልቄ አስወጣኋት፣ ጓጉንቸሩን ቆልፌ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ምጡ ደግሞ አልፈጥን አለ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት፣ ያ ሁሉ ጸሎት፣ እሁድ ከሰዓት ሴት ልጅ ተገላገለች። እልል ብለን ሳናበቃ የገንፎ ዱቄት ልነፋ እጅጌዬን ስሰበስብ ክንዴን አየሁት። ባዶ ነው። ክው አልኩ።

ሰኞ ጠዋት በባጃጅ ስመለስ መላ መታሁ። ቆሞ ካገኘሁት እነቀንቀዋለሁ፣ በስልኬ አስተካክለዋለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ፣ ማን ያውቅብኛል?

ጓጉንቸሩ እንደቆለፍኩት ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። በሩን ስከፍት ሽርር አለ። ካስኩን ረስቼው ይሆናል ብዬ አየሁ፣ ከሶኬት ተነቅሏል። ሽርር ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሽርር ይላል፣ ሰው እጁን እያወዛወዘ ሲራመድ ሰዓቱ እንደሚለው ማለት ነው። ድምፁ የሚመጣው ከመሳቢያው ነው። አይጥ ነው አልኩ፣ እመኑኝ፣ ከልቤ አይጥ እንዲሆን ተመኘሁ። መሳቢያውን ስስበው ድምፁ ተቋረጠ።

ሰዓቱ ይሄዳል። ከስልኬ ጋር አስተያየሁት፣ ልክ ነው። ፈትቼ የተውኩት ማሰሪያ ተቆልፏል፣ ያውም ለእኔ በሚሰፋኝ፣ ለወንድ ክንድ በሚሆነው ቀዳዳ። ጀርባውን ስነካው ደግሞ ይሞቃል። አይጥ ሁሉን ነገር ያደርግ ይሆናል፣ ዘለበት ግን አይቆልፍም።

አፌን እዘጋለሁ ያልኩት ሴት ሰዓቱን ይዤ በቀጥታ እትዬ ዘውዴ ቤት ሄድኩና አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። የዓይናቸው ፋሻ ተፈቷል፣ ሰዓቱን አገላብጠው አዩት፣ ደስ ይላቸዋል ስል ፊታቸው ጠቆረ።

"ደምሴ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ኮሽ ብሎልኝ አያውቅም" አሉ። "ከመቼ ወዲህ ነው ሴቶች ፀጉር ቤት የሚውለው?"

"እርስዎ መቼ ሰዓቱን አውልቀውላቸው ያውቃሉ?" አልኩ፣ ምላሴን በቆረጠው።

ብድግ አሉ፣ ሰዓቱን መኝታ ቤት አልጋው ላይ አስቀመጡት፣ በሩን ዘጉት። "ይሞክራ" አሉ። ለመንኳቸው፣ "እትዬ፣ ባይመጡስ? በእኔ ወሬ ይህን ሁሉ ዓመት የያዙትን ሊያጡት ነው" አልኩ፣ ወይ ፍንክች።

ያን ሁለት ቀን እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም፣ አንዷን እንዲያውም ጆሮዋን በካውያ ነክቻታለሁ። እሮብ አመሻሽ ላይ ሄድኩ። እትዬ ዘውዴ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ ክንዳቸው ባዶ ነው።

"ሳሎን ነው የማድረው" አሉኝ። "ገብቼ አላየሁም፣ ፈራሁ። አንቺ እይልኝ።"

ገባሁ፣ የመኝታ ቤቱን እጀታ ያዝኩ፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጸጥታ ነው። ጌታ ሆይ እባክህ አልኩ፣ ምን እንዲያደርግልኝ እንደሆነ እንጃ። አልጋው ሲጥጥ አለ፣ ሰው ሲነሳ እንደሚለው። ዘለበት ቀጭ አለ። ከዚያ ቀስ ያለ እርምጃ እስከ በሩ መጥቶ፣ ከወዲያ በኩል ቆመ፣ እጀታውም ከእጄ ሥር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። እጄን አነሳሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

"ይሄዳል?" አሉኝ።

"ይሄዳል እትዬ።"

ፊታቸው በራ። ሻሻቸውን ነካ ነካ አደረጉና "ነገ በጠዋት ስመጣ ፀጉሬን ትሠሪልኛለሽ" አሉ፣ ደግሞ እንደማፈር አሉ።

ይኸው እስካሁን ሰዓቱን አላሰሩትም። በየሳምንቱ ፀጉራቸውን ይሠራሉ፣ ይስቃሉ፣ አምሮባቸዋል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ወደዚያ መኝታ ቤት በር ግን ዳግመኛ አልጠጋም። ባለፈው ሻይ ጠርተውኝ ስኳሩን ከመኝታ ቤቱ ሳጥን ሊያመጡ ተነሱ፣ የራሳቸውን መኝታ ቤት በር አንኳኩተው ቆሙ፣ ጥቂት ጠበቁ። እኔ የሰማሁት ነገር የለም። እሳቸው "እሺ" አሉና ገቡ።